ከ«አዎን» በኋላ

በችሎት አማርኛ፣ ተከሳሽ ክሱ ከተነበበለት በኋላ የሚሰጠው መልስ «የእምነት ክሕደት ቃል» ይባላል። ስያሜው ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ ከደጀ ሰላም የወጣ ይመስላል። ማመን አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ መቀበል ነው፤ ጥፋትን ገልጦ መናገርም ማመን ነው። መካድ «አላደረግሁም» ማለት ነው፤ ሃይማኖትን መተው፣ የተዋለን ውለታ እንዳልተዋለ መቁጠርም መካድ ነው። እንግዲህ ዳኛ «ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱ ቃላት ሚዛኑ ላይ በእኩል ክብደት አልተቀመጡም። አንደኛው ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመሰገንበት የኖረ ቃል ነው፤ ሁለተኛው ሰው ሲሰደብበት የሰማው ነው። «ከሓዲ» ተብሎ ከመጠራት እስር ቤት መግባት የሚቀልለው ሰው በዚህ አገር ጥቂት አይደለም።

በዚህ ላይ የጨዋነት ልማድ ይጨመርበታል። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ጎልማሳ ነገሩ ገና ሳይመረመር «አጥፍቻለሁ» ይላል። እንዲህ ማለቱ በዳይነቱን ማረጋገጡ አይደለም፤ ሽማግሎቹን ማክበሩ፣ ለዕርቁ በር መክፈቱ ነው። ተቃቅረው የከረሙ ባልንጀሮች ሲታረቁ «ጥፋቱ የእኔ ነው»፣ «የለም፣ የእኔ ነው» እየተባባሉ ይሽቀዳደማሉ። ሕፃን ልጅም አለንጋ ሲነሣበት «አጠፋሁ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» እያለ ይጮኻል፤ ምን እንዳጠፋ ቢጠየቅ አንዳንዴ አያውቀውም። በአብዮቱ ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱና በየማኅበሩ ይካሄድ የነበረው ሂስና ግለ ሂስ ይህንኑ ልማድ በሌላ ቋንቋ ያስቀጠለ ነበር። በስብሰባ መካከል ተነሥቶ «ድክመቴን እቀበላለሁ» ያለ ሰው፣ ይህን ያለው በድክመቱ አምኖ ይሁን ወይም የስብሰባውን ፊት ዐይቶ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ጓዱ እንኳ በእርግጠኝነት አያውቅም ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተማ ቀበሌዎች በተካሄዱት የማጋለጥ ስብሰባዎች ግን ያው ቃል ሕይወት የሚያስከፍል ሆነ። «አባል ነበርሁ» ካለ በኋላ «ግን» ብሎ ሊቀጥል የሞከረውን ሰው ቆሞ ያዳመጠው ጥቂት ነው።

«ጥፋት» የሚለው ስም ራሱ እጅግ ሰፊ ነው። ብርጭቆ መስበር ጥፋት ነው፤ በቀጠሮ ሰዓት አለመድረስ ጥፋት ነው፤ ነፍስ መግደልም ጥፋት ነው። ሕጉ «ጥፋተኛ» ሲል የሚያስበው ነገር ግን ጠባብና የተለካ ነው። በሕዝብ አፍ ሰፊ የሆነው ቃል በሕግ አፍ ጠባብ በሆነበት ቦታ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው።

አንድ ገበሬ ችሎት ፊት ቆሟል እንበል። የተከሰሰው የጎረቤቱን በሬ ከግጦሽ ላይ ነድቶ በመውሰድ፣ በስርቆት ነው። ክሱ ይነበባል።

«የተነበበውን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ።»

«በሬውን ወስደሃል ወይስ አልወሰድህም?»

«ወስጃለሁ ጌታዬ። ሐሰት አልናገርም፤ ግን…»

«ተወው፤ እሱን በኋላ ትናገራለህ። አምኗል ብለህ ጻፍ።»

ዳኛው ክፉ ሰው አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን መዝገብ ያያል፤ ይህ ገበሬ ምስክር ሳያስጠራ፣ ቀጠሮ ሳያስለውጥ በአንድ ቃል ነገሩን አቀለለለት። ችሎቱ ሁሉ ይተነፍሳል። ከዚያም የቅጣት ማቅለያ ካለው እንዲናገር ይጠየቃል፤ «በኋላ» የተባለው ጊዜ መድረሱ ነው። ገበሬው ነጠላውን አስተካክሎ ይናገራል፤ «ልጆች አሉኝ ጌታዬ። መሬቱ ጦም አደረ። በሬዬን ለእርሻ አውሼው ዓመት ሙሉ ቢያስቀርብኝ ሄጄ አመጣሁት።»

ክሱ «በሬውን» ይላል፤ ሰውየው «በሬዬን» ይላል። ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን ሲያቋቁም የተወሰደው ንብረት የሌላ ሰው እንዲሆን፣ ወሳጁም ያለ አግባብ ለመበልጸግ አስቦ የወሰደው እንዲሆን ይጠይቃል። ገበሬው ያመነው መውሰዱን ብቻ ነው። በሬው የሌላ ሰው መሆኑን አላመነም፤ ያለ አግባብ ሊበለጽግበት ማሰቡንም አላመነም። ምናልባት ይዋሻል። ምናልባት በሬው በእውነት የጎረቤቱ ነው። ምናልባትም በሬው የእርሱ ቢሆንም በጉልበቱ ሄዶ ማምጣቱ ሌላ የሚያስጠይቀው ነገር ይኖር ይሆናል። ይህ ሁሉ በምስክር የሚጣራ ነው፤ «ወስጃለሁ» ከሚለው ቃል ውስጥ ተጨምቆ አይወጣም። በእንግሊዝ አገር በ1952 (እ.ኤ.አ.) ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ተነሥቶ ነበር። ሞተር ብስክሌት ሰርቀሃል ተብሎ የቀረበ ሰው ጥፋተኛ ነኝ ካለ በኋላ፣ የወሰደው በስሕተት መሆኑን ተናገረ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህን ዐይነቱን ቃል እንደ እምነት ሊቀበለው አልቻለም፤ በስሕተት የወሰደ ሰው አልሰረቀምና።

ነፍስ በጠፋበት ጉዳይ ነገሩ ይብሳል። «ገድዬዋለሁ» የሚለው ግስ በአማርኛ አስቦ የገደለውንም፣ ሳይጠነቀቅ የገደለውንም፣ ሊገድለው የመጣበትን ሲከላከል የገደለውንም እኩል ያለብሳል። የወንጀል ሕጉ ግን ለእያንዳንዳቸው የተለየ ቦታ አለው። ተራውን የሰው ግድያ በአንቀጽ 540፣ በቸልተኝነት የሚደርሰውን በአንቀጽ 543፣ ሕጋዊ መከላከልን ደግሞ በአንቀጽ 78 ያስቀመጠ ሲሆን በመጨረሻው ጉዳይ ገዳዩ ከነአካቴው አይቀጣም። በእነዚህ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሰው ግማሽ ዕድሜ ነው። ይህን ርቀት የሚለካው ከ«ገድዬዋለሁ» ቀጥሎ የሚመጣው ዐረፍተ ነገር ነው። ኩሩ ሰው ደግሞ በገጠር ብዙ ነውና፣ «ዱላ አንሥቶ መጣብኝ» ማለትን እንደ ልመና ቆጥሮ ሊተወው ይችላል።

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን አደጋ አስቀድሞ ያየ ነበር። በአንቀጽ 134 ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን በራሱ ቃል ወዲያው ጥፋተኛ ሊለው የሚችለው፣ ወንጀሉን የሚያቋቁሙትን ፍሬ ነገሮች ሁሉ ያለ አንዳች ማወላወል ሲያምን እንደ ሆነ ደነገገ። በዚያም ላይ፣ እምነቱ የተሟላ ቢሆን እንኳ፣ ፍርድ ቤቱ ካስፈለገው ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እንዲያቀርብ ማዘዝ እንዲችል አደረገ። ከእርሱ በፊት የተቀመጠው አንቀጽ 133 ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ተከሳሹ ክሱን በማመንታት ወይም ከነተቃውሞው ካመነ እንደ ካደ ተቆጥሮ ይጻፍ አለ። አንቀጽ 135 ደግሞ «ጥፋተኛ ነኝ» ተብሎ የተመዘገበው ቃል «አይደለሁም» ተብሎ መመዝገብ የነበረበት ሆኖ ሲገኝ መዝገቡ የሚታረምበትን መንገድ ከፈተ። ባጭሩ ሕጉ ከ«አዎን» ይልቅ ለ«ግን» ቦታ ሰጠ። «አዎን፣ ግን» ማለት በሕግ ዐይን «አይደለም» ማለት ሆነ። ከሰዋስው አንጻር ሲታይ ይህ ድፍረት ነው፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ሁለተኛው የመጀመሪያውን የሚሽርበት ሰዋስው የትም የለም። ከፍትሕ አንጻር ሲታይ ግን ከዚህ የተሻለ መፍትሔ ለማግኘት ያስቸግራል። ማመንታቱ ምን እንደ ሆነ የሚታወቀው ማስረጃ ሲሰማ ነውና።

ይህ ሐሳብ ከየት መጣ? የወንጀለኛ መቅጫውን ሕግ ያረቀቁት ስዊሳዊው ዣን ግራቨን ሲሆኑ፣ የሥነ ሥርዓቱን ረቂቅ ያዘጋጁት ግን እንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው ነበሩ። በአውሮፓ ዋናው ምድር ሕግ የተከሳሽ ማመን ከማስረጃዎች መካከል አንዱ ነው፤ ዳኛው ካመነም በኋላ ይመረምራል። በእንግሊዞቹ ልማድ ግን ጥፋተኛ ነኝ የሚለው ቃል ክርክሩን ከሥሩ ይቆርጠዋል፤ ምስክር አይሰማም፤ የሚቀረው ቅጣቱን መወሰን ብቻ ነው። አንድ ቃል ይህን ያህል ሥልጣን ሲሰጠው፣ ያንን ቃል የሚጠብቅ ወንፊት ያስፈልጋል። ወንፊቱም የተሠራው በአብዛኛው ለንደን ውስጥ ሳይሆን እንግሊዝኛ በማይናገሩ ሰዎች ላይ በእንግሊዝኛ ይፈረድ በነበረባቸው አገሮች ነው። ከጎረቤቶቻችን ልምድ የምንማረው እዚህ ላይ ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የኬንያን፣ የኡጋንዳንና የታንጋኒካን ጉዳዮች ይመለከት በነበረበት ዘመን፣ በ1942 (እ.ኤ.አ.) በሰጠው ፍርድ የሥር ዳኞችን አንድ ነገር አሳሰበ። ሰው በራሱ ቃል ሊፈረድበት ከሆነ የክሱ እያንዳንዱ ፍሬ ነገር ይብራራለት፤ እያንዳንዱንም ለየብቻው ይመን ወይም ይካድ አለ። ያው ፍርድ ቤት በ1973 (እ.ኤ.አ.) የአዳን ጉዳይ እየተባለ በሚጠቀሰው ፍርድ ሥርዓቱን እስከ ዝርዝሩ አስቀመጠው። ክሱ ተከሳሹ በሚያውቀው ቋንቋ ይብራራ፤ መልሱ በተቻለ መጠን በራሱ ቃላት ይጻፍ፤ ቃሉ እምነት ከመሰለ ዐቃቤ ሕግ የሆነውን ነገር ከነዝርዝሩ ይናገር፤ ተከሳሹም ያንን ሰምቶ እንዲቃወም፣ እንዲያስረዳ ወይም እንዲጨምር ዕድል ይሰጠው። በዚያን ጊዜ አንዲት የምትጋጭ ነገር ከተናገረ መዝገቡ ወደ ክሕደት ይለወጥ። ፍርድ ቤቱ በ1977 (እ.ኤ.አ.) ከማኅበረ አገሮቹ ጋር ሲፈርስ ይህ ሥርዓት አልፈረሰም፤ አገሮቹ በየራሳቸው ችሎት ይዘውት ቀጠሉ።

ሁለተኛው ሰዓት፣ ማለትም የሆነው ነገር ከተነገረ በኋላ ያለው የተከሳሹ ተራ፣ ከሁሉ የሚደነቅ ፈጠራ ነው። በስዋሂሊ የሚጠየቅ ሰው ክሱ ሲነበብለት «ኒ ክዌሊ» ይላል፤ «እውነት ነው» ማለቱ ነው። በኬንያና በታንዛንያ ይግባኝ ሰሚ ችሎቶች በዚህች አጭር መልስ ላይ ስንት ክርክር ተካሂዷል! ምኑ ነው እውነቱ? በዚያ ቀን በዚያ ቦታ መገኘቱ? ዕቃው እጁ ላይ መያዙ? ፖሊሱ ያለው ሁሉ? ወይስ ከሳሹ እንዲህ ብሎ መክሰሱ ብቻ? የአማርኛ ተናጋሪም በተመሳሳይ ሁኔታ «እውነት ነው ጌታዬ» ይላል፤ አንዳንዴ የሚያረጋግጠው መስማቱን ብቻ ነው። «ሰምቻለሁ» እና «አዎን» በቃላችን እጅግ የተቀራረቡ ናቸው፤ ስልክ የሚያናግር ሰው «አዎ… አዎ… አዎ…» ሲል የሚሰማው፣ የሚነገረውን ሁሉ ተቀብሎ አይደለም።

አስተርጓሚ ሲገባ ሌላ ጉድጓድ ይከፈታል። በአማርኛ «አልገደልኸውም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ቢል፣ «አዎ፣ አልገደልሁትም» ማለቱ ነው። በስዋሂሊም «ንዲዮ» በአሉታ ለቀረበ ጥያቄ ሲመለስ አሉታውን ያጸናል። በእንግሊዝኛ ግን በአሉታ ለተጠየቀ ሰው ያለ ተጨማሪ ቃል «የስ» ብሎ መመለስ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ወደ ማመኑ ያደላል። ጥያቄው ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር አሉታው ከተጣለና «አዎ» ብቻ ከተሻገረ ክሕደት የነበረው እምነት ሆኖ ይደርሳል። ማንም አልዋሸም፤ አስተርጓሚውም ቃል በቃል ተርጉሟል። ተውኔት የተረጎመ ሰው ይህን ሥቃይ ያውቀዋል፤ አንዲት «አዎ» ያለ ቦታዋ ስትገባ መድረክ ላይ ሳቅ ታስነሣለች። ችሎት ውስጥ ግን የሚስቅ የለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተከሳሹ በማያውቀው ቋንቋ ክርክሩ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት እንዳለው ማስፈሩ በብዙ ቋንቋዎች በሚነጋገር አገር የሚገባ ነው። ቢሆንም አስተርጓሚ መገኘቱ ብቻ አይበቃም። አስተርጓሚው «አዎ» ሲሰማ «አዎ ምን?» ብሎ የመጠየቅ ነፃነት ይፈልጋል፤ ብዙ ችሎቶች ደግሞ ይህን እንደ መዳፈር ያዩበታል።

በ1983 (እ.ኤ.አ.) በታንዛንያ በተሰጠ አንድ ፍርድ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ሊል የሚችልባቸው ምክንያቶች ሲዘረዘሩ ሦስት ቅጽሎች ተደርድረዋል። የሰውየው ቃል ጎዶሎ ከሆነ፣ አሻሚ ከሆነ፣ ወይም ያላለቀ ከሆነ። የመጨረሻውን ያገኘ ዳኛ ሳያውቀው የተውኔት ደራሲ ነበር። ጎዶሎና አሻሚ የሚሉት ቃላት ጉድለቱን በተናጋሪው ላይ ይጥላሉ፤ ያላለቀ የሚለው ግን የሚያየው አቋራጩን ነው። በተውኔት ውስጥ የአንድ ገጸ ባሕርይ ንግግር በሌላው ገጸ ባሕርይ ሲቋረጥ ደራሲው ነጥቦች ደርድሮ ያመለክታል፤ ተዋናዩም ንግግሩ እንደ ተቆረጠበት አድርጎ ይጫወተዋል፤ ተመልካቹ ያልተነገረ ነገር መቅረቱን ይረዳል። በመዝገብ ላይ ግን ነጥቦቹ የሉም። የተቆረጠው ንግግር እንዳለቀ ንግግር በአራት ነጥብ ይዘጋል።

በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ይህ ችግር መልኩ ሌላ ነበር። ሙግተኛው ነጠላውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ይዞ፣ በዛፍ ጥላ ሥር በተሰበሰበው ሰው ፊት ባላጋራውን «ተጠየቅ» እያለ በቃል ሲያስረው፣ አድማጩ መልሱን እስከ መጨረሻው ይጠብቅ ነበር፤ ምክንያቱም ውበቱም መርዙም የሚገኘው መጨረሻው ላይ ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ መጀመሪያ የሰማውን ትርጉም አያምነውም። ይህን ሥርዓት ከሚገባው በላይ ማሞገስ ግን አይገባም። ርቱዕ አንደበት ያለው ድሀውን ዲዳ አድርጎ ርስቱን የነጠቀበት ሙግት ቁጥር ስፍር የለውም። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው አባባልም የተፈራው በዚያ ዐይነት አደባባይ ሳይሆን አይቀርም።

አሻሚ ቃል ሁሉ ግን ካለማወቅ ወይም ከመቋረጥ አይመጣም። አንዳንዱ ሰው ሁለቱን ነገር በግልጽ፣ በአንድ አፍ ይናገራል። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና በ1963 (እ.ኤ.አ.) ሄንሪ አልፎርድ የተባለ ሰው በከባድ የሰው ግድያ ወንጀል ተከሰሰ። ክርክሩ ቀጥሎ ቢረታ ሞት ሊፈረድበት ይችላል፤ ዝቅ ባለው ክስ ጥፋተኛ ነኝ ካለ ግን ከሞት ይተርፋል። ጥፋተኛ ነኝ አለ። ወዲያውም በችሎቱ ፊት ሰውየውን እንዳልገደለ፣ ይህን ያለውም ሞትን ፈርቶ እንደ ሆነ ተናገረ። ሠላሳ ዓመት ተፈረደበት። ነገሩ በይግባኝ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ስድስት ዳኞች በሦስት ላይ ፍርዱን አጸኑት። በሰውየው ላይ የተሰማው ማስረጃ ጠንካራ ነበር፤ እርሱም ጠበቃ ነበረው፤ አማራጮቹን ተረድቶ የመረጠው ነው ተባለ። አልፎርድ በ1975 (እ.ኤ.አ.) እስር ቤት ውስጥ ሞተ፤ ስሙ ግን ንጹሕ ነኝ እያሉ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ለሚቻልበት ሥርዓት መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ይህን ፍርድ ለመንቀፍ መቸኮል አይገባም። ብልህ ሰው ከሁለት ክፉ ነገር አንዱን ሊመርጥ ይችላል፤ ሕግም ምርጫውን ሊያከብርለት ይገባል የሚለው ክርክር ክብደት አለው። ሆኖም በዚህ ሥርዓት ቃል ቃልነቱን ያጣል። «ጥፋተኛ ነኝ» የሚለው የሆነውን ነገር መግለጫ መሆኑ ቀርቶ መሸጫና መግዣ ይሆናል፤ ተናጋሪውም ሰሚውም ዋጋውን እንጂ ትርጉሙን አይፈልጉትም። የኢንዲያና፣ የሚሺጋንና የኒው ጀርሲ ፍርድ ቤቶች ይህን ዐይነቱን ቃል አንቀበልም ብለው መቆማቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1954ቱ የኢትዮጵያ ሕግ መሠረትም የአልፎርድ ቃል በአንቀጽ 133 ስር ወድቆ «ክዷል» ተብሎ በተጻፈ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምስክሮቹ ይጠሩ፣ ማስረጃው ይመዘን። ጠንካራ የተባለው ማስረጃ ጠንካራነቱን ያሳይ ነበር ማለት ነው።

ፈጽሞ ዝም ያለውስ? በዚህ ረገድ ሕጉ ከልማዳችን የተሻለ ነው። በመንደር ዝምታ እንደ መቀበል ይቆጠራል፤ «ምን መልስ አለውና!» ይባላል። በእንግሊዝ አገር መልስ አልሰጥም ያለ ተከሳሽ ደረቱ ላይ ክብደት እየተጫነበት እንዲናገር ይገደድ የነበረበት ዘመን ነበር፤ ይህ በ1772 (እ.ኤ.አ.) ቀርቶ ዝም ያለ ሰው እንዳመነ ይቆጠር ጀመር፤ ከ1827 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደግሞ እንደ ካደ ተቆጠረ። የእኛም የ1954ቱ ሕግ ዝም ያለውን እንደ ካደ ይጻፍ አለ። ዲዳውም፣ የደነገጠውም፣ የተቆጣውም በዚህች አንቀጽ ጥላ ሥር ተጠለሉ። ለክፋቱ፣ ዝም ያለው ሰው ከተናገረው የተሻለ ጥበቃ ያገኘበት ጊዜ አለ። ጨዋው ገበሬ ግን ዝም ማለትን እንደ ንቀት ስለሚቆጥረው ይመልሳል፤ ሲመልስም የሚጀምረው በ«አዎን» ነው።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ተንከባልሎ የሚያርፈው ብዙ ሰው ልብ በማይለው ሰው ላይ ነው፤ በችሎቱ ጸሐፊ ላይ። ጸሐፊው በዳኛው ግራ ወይም ቀኝ ተቀምጦ፣ ራሱን ሳያነሣ ይጽፋል። የቢሮ አማርኛ የራሱ ሥርዓት አለው፤ አንደኛ መደብን ይጠላል። «ወስጃለሁ ጌታዬ፣ ግን በሬዬ ነው» የሚለውን የሰው ድምፅ «ተከሳሹ ድርጊቱን መፈጸሙን አምኗል» ወደሚል ማኅተም መሳይ ዐረፍተ ነገር ይለውጠዋል። «ወሰድሁ» የሚለው ቃል «ድርጊቱን ፈጸምሁ» ሲሆን፣ «ድርጊቱ» ውስጥ ክሱ በሙሉ ሾልኮ ይገባል። ገበሬው ይህን ቃል በሕይወቱ ተናግሮት አያውቅም፤ «ድርጊት» የምትለውን ቃል ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማት ያን ዕለት ነው። የ1973ቱ ፍርድ መልሱ በተከሳሹ በራሱ ቃላት ይጻፍ ማለቱ ለቋንቋ ውበት ተጨንቆ አይደለም። አጥንቱ ከሥጋው ጋር እንዲቀመጥ ነው።

በራሱ እምነት ጥፋተኛ የተባለ ሰው ይግባኙ በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ እንዲወሰን የ1954ቱ ሕግ ደንግጎ ስለ ነበር፣ ለበላይ ዳኛ የሚቀርብለት ጥያቄ አስቀድሞ ጠብቧል። ይግባኝ ባዩ በጽሑፍ «ቃሌ ተቆርጦብኛል» ቢል ዳኛው የሚያየው ሰውየውን አይደለም፤ ድምፁን፣ ማመንታቱን፣ «ግን» ሲል ወደ ላይ የተነሣውን እጁን አያይም። የሚያየው የታሰረ ወረቀት ነው። የሥር ጸሐፊ ታታሪና ታማኝ ሰው ሆኖ «ግን»ን ከጻፈ፣ ከእርሷ በኋላ የመጣውንም ከጻፈ፣ የበላዩ ዳኛ ብዕሩን አንሥቶ ያሰምርባታል፤ መዝገቡም ምስክር እንዲሰማ ወደ ታች ይመለሳል። ካልጻፈ ግን ዳኛው ገጹን ገልብጦ፣ ቀኑን፣ የዳኞቹን ስም፣ የዐቃቤ ሕጉን መቅረብ አንብቦ፣ ከዚያ በታች ሦስት ቃላት ያገኛል፤ «ተከሳሹ ክሱን አምኗል»።